ከጨርቁ ሥር ያሉት እጆች

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ አባቶች፣ እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ፀሐይ ላይ ያቆምናችሁ ጎረቤቶች ሁሉ፦ እንኳን መጣችሁ እንዳልል፣ ለእንዲህ ያለው ቀን እንኳን አይባልም። ብቻ መጥታችኋል። እግዜር ይስጥልን።

ክቡር የሐውልቱ ኮሚቴ ሰብሳቢም መጥተዋል። ከኋላ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው አየኋቸው። ስለዚህ ድምፄ ቢቆራረጥ፣ ሐዘን ብቻ አይምሰላችሁ። ፈርቻለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ በያጅ ነኝ። ዛሬ የምንሸኘው እሱ ቀራፂ፣ እኔ በያጅ፣ እንደ ወንድም ሆነን ከአንድ ጣሪያ ሥር አረጀን። እሱ በጭቃ ይሠራል፣ በነሐስ እናፈሰዋለን፣ ቁርጥራጩን እኔ እገጥማለሁ። ወርክሾፕ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ቆይ» ነበር የምንለው። ሥራው አልቆ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ፣ እሱ «ቆይ፣ ጆሮው ገና ነው» ይላል። የማን ጆሮ? ከቤት ጣሪያ በላይ የሚቆም ሐውልት ጆሮ። ወፍ ካልሆነ ማን ያየዋል ስለው፣ ወፍ ምን በደለ ይለኛል። ባለቤቱ እዚህ አለች፣ ትመስክር። በዚህ «ቆይ» ስንት ጊዜ እራት ቀዝቅዞባታል።

የዚህ ሰው የመጨረሻ ሥራ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገ ጠዋት አደባባዩ ላይ የሚመረቀው የአባታችን ሐውልት ነው። አገር ያቆሙልን ቄስ። ልጆች ሳለን በደብተራችን ጀርባ ያየናቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው። አሁን በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ቆመዋል። ዛሬ በዚያ በኩል የመጣችሁ አይታችኋቸዋል።

ጨርቁ ሥር ያለውን ግን ያየነው ሁለት ነን። አንዱ ይኸው እዚህ ተኝቷል።

እስቲ ልንገራችሁ። ሥራውን የጀመርን ሰሞን የቄሱ የእህት ልጅ በሕይወት አሉ ሲባል ሄድን። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ጠባብ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩን ለእሱ ሰጡት፣ እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። እሱ የጠየቃቸው ስለ አጎታቸው ጢም ነበር፣ ስለ ቀሚሳቸው እጥፋት። እሳቸው ግን ስለዚያ ቀን ማውራት ጀመሩ። አባታችን የነፃነቱን አዋጅ ያነበቡበት ቀን። አባታችን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመዋል፣ የገዢዎቹ ወታደሮች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘዋል፣ የጠመንጃው አፍ ወደ ደረጃው ዞሯል። ሴትዮዋ ያኔ ሕፃን ናቸው፤ የአጎታቸውን ቀሚስ ይዘው ቆመዋል።

«ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ» አሉን። «በግራቸው ያዙት። አልቆም ሲላቸው ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዙት። ሰው ጸሎት መስሎት አንገቱን ደፋ። ጸሎት አልነበረም ልጆቼ። አጎቴ ፈሪ ሰው ነበሩ። ፈርተው ነው የወጡት።»

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቤት ወጥተን ከወንድሜ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። አውቶቡስ ውስጥ ዞር ብዬ አየሁት። ቀኝ እጁን በግራው ይዞ፣ ደረቱ ላይ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያደረገ ይለካ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ያመመው መስሏቸው መስኮቱን ከፈቱለት።

ከዚያ ኮሚቴው ትንሹን የጭቃ ሞዴል ሊያይ መጣ። ሞዴሉ እጁን የዘረጋው ነው። የተዋዋልነውም እሱን ነው። ክቡር ሰብሳቢ ዙሪያውን ዞረው አዩና፣ እጁ ከዚህም ከፍ ይበል አሉ። ቆይ ደግሞ አፉ አያርፍም። ከዚህ በላይ ከፍ ካለ አባታችን ታክሲ የሚያስቆሙ ይመስላሉ አላቸው። እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ተመለሱና፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ ጉዳዩ የአገር ጉዳይ እንደሆነ፣ ከሞዴሉ ንቅንቅ ማለት እንደሌለ፣ ሁለታችንም የልጆች አባት እንደሆንን አስታወሱን። ይኸው ነው ያሉት። ክቡርነትዎ፣ ለክፉ ብለውት ካልነበረ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት ብየዳውን ትቼ ቤቴ ገባሁ።

እሱስ አልፈራም? ማነው አልፈራም የሚል? ዛሬ ጠዋት አንዳንዶቻችሁ «ደፋር ሰው ነበር» ስትሉ ሰምቻለሁ። ይቅር በሉኝ፣ አልነበረም። ውሻ ካየ መንገድ ይቀይራል። ሊፍት ውስጥ አይገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘው ዕቃ ከእጁ ይወድቅ ነበር። እየፈራ ጭቃውን አቦካ። እየፈራ ሰሙን ቀረጸ። እየፈራ ነሐሱን አፈሰሰ።

ትልቅ ሐውልት ሲፈስ፣ እጅ ለብቻው ነው የሚፈሰው። ከአካሉ ጋር በመጨረሻ የምገጥመው እኔ ነኝ። ያን ቀን የተዘረጋውን ክንድ ላነሳ ጎንበስ ስል፣ ቆይ አለኝ። ጥግ ላይ የነበረውን ጆንያ ገለጠ። ሌሎች እጆች ናቸው። እኔ ታምሜ ቤት በዋልኩበት ሰሞን አፍስሷቸዋል። ግራው ቀኙን ይዟል። አውራ ጣቱ ሥጋው ውስጥ እስኪሰምጥ ጨምቆ ይዟል። ነሐስ ናቸው። ግን ሳያቸው፣ ይንቀጠቀጣሉ።

አልገጥምም ብትል አልቀየምህም አለኝ። እነዚያን ካየሁ በኋላ ያኛው ክንድ የሱቅ አሻንጉሊት ሆነብኝ። ገጠምኳቸው። ክሬኑ ከመምጣቱ በፊት ጨርቁን ራሳችን አለበስናቸው።

ሐውልቱ መቆሚያው ላይ ወጥቶ ብሎኑ የጠበቀ ዕለት ወደ ወርክሾፕ ተመለስን። ላብ በላብ ሆኗል። ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ውሃ ላመጣለት ሄድኩ። ስመለስ ወንድሜ የለም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ልክ ነው፣ ልቡ ነው። ግን ስንት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ልብ እስከ መቼ ይችላል?

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የተዘረጋው ክንድ ዛሬም ወርክሾፕ ውስጥ አለ። የአደባባዩ መወጣጫም ገና አልተነሣም። መቁረጫው የእኔ፣ ብየዳው የእኔ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ። ሳይመሽ ሁሉን ነገር መመለስ እችላለሁ። ትናንት ይህንኑ ለባለቤቱ፣ እንደ እህቴ ለማያት ነገርኳት። ፈራሁ አልኳት። የእኔም ልጆች አሉ፣ የአንቺም አሉ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«እሱን ነገ እንቀብረዋለን» አለችኝ። «እጆቹን አብረህ እንዳትቀብርብኝ።»

ታዲያ ይህን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለምን ታወራዋለህ ትሉኝ ይሆናል። ጀግና ሆኜ አይደለም። ራሴን ስለማውቀው ነው። ዝም ብዬ ከዚህ ብወጣ እግሬ ወደ ቤት አይወስደኝም፤ ወደ ወርክሾፕ ነው የሚወስደኝ። አሁን ግን ሰምታችኋል። በሩን በገዛ ራሴ ላይ ዘጋሁት። ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ሰምተዋል። ላስቆርጠው ካሉ ማን ይከለክልዎታል? ሌላ በያጅ አይጠፋም። ግን ከእንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ምን እንደተቆረጠ ያውቃል።

ነገ ገመዱን ስቦ ጨርቁን የሚገልጠው እሱ ነበር። ለእኔ ተላልፏል። እባካችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ። ራቅ ብላችሁ አትቁሙ። ጠጋ በሉኝ። ብቻዬን አታስቀሩኝ።

ወንድሜ፣ እንግዲህ አፈሩ ሊመለስ ነው። እዚህ በር የሚያንኳኳብህ የለም። አባታችን ፈርተው ወጡ፣ አንተ ፈርተህ ሠራህ። በል ደህና ሁን። አንተ ድርሻህን ፈርተሃል። የቀረውን እኔ እፈራልሃለሁ።