በአስካለች መቃብር አጠገብ የሚያልፈው መስመር

ዝናብ ሰውን ከሚሸሸው ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያስጠልላል። በሃላሌ የገበያ ቀን አቶ ሻንቆ ጨውና ሳሙናቸውን በከረጢት ይዘው ወደ ቤታቸው ቁልቁል ሊወርዱ ሲሉ ዶፉ ወረደባቸውና፣ ሮጠው የገቡት ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሆነ። እዚያ ደግሞ የኮምፒዩተር አስተማሪዋ መስከረም ቆማለች። አቶ ሻንቆ ይህችን ልጅ ካዩ መንገድ ቀይረው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ምን ያድርጉ፣ ሰማዩ አልለቅ አለ!

የሚሸሿት ክፉ ሆና አይደለም። ዘመኑ በየስብሰባው «ልማት፣ ልማት» የሚባልበት፣ ገበሬው አንድ ለአምስት የሚደራጅበት ነበር። በዚያ ዓመት ፈጣን ኢንተርኔት የሚያመጣ፣ ፋይበር የሚሉት ገመድ ከሶዶ ተነሥቶ በመሬት ውስጥ እየተቀበረ መጣና፣ ሃላሌ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው አቶ ሻንቆ አጥር ሥር ቆመ። ከመንገዱ ወዲያ ገደል ነው። ወዲህ ደግሞ አጥራቸው፣ ከአጥሩ ሥር የአንድያ ልጃቸው የአስካለች መቃብር። ሠራተኞቹ «መቃብሩን አንነካም፤ አጥሩ ይነሣልን፣ አበባው ይነቀልልን» ብለው ለመኑ። ሽማግሌዎች በዱቡሻው፣ ማለት በመንደሩ የሸንጎ ሜዳ፣ ተቀመጡ። ነገር ግን በዚያ አገር ያዘነ ሰው በመቃብር ላይ የተናገረውን ሽማግሌ አይሽረውም። አቶ ሻንቆ «አይሆንም» ካሉ አይሆንም ነው። የተቆፈረው ጉድጓድ ውኃ አቆረ፤ ሠራተኞቹም ሃላሌን ትተው ወደ ዲምቱ ሊዛወሩ ነው ተባለ። ዱቡሻው ለመጨረሻ ጊዜ የሚቀመጠው በማግስቱ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ ሻንቆ» አለች መስከረም ጎንበስ ብላ።

«አብሮ ይስጥልን። ስለዚያ ገመድ ልታነሺብኝ ከሆነ ግን ዝናቡ ይሻለኛል።»

«ዝናቡ ጉንፋን ያመጣብዎታል። እኔ ባመጣ ባመጣ ወሬ ነው!»

ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «አፍ አለሽ» አሉና ከረጢታቸውን አስቀመጡ።

«ለምን እንደጠሉት ከሰው አፍ ሰምቻለሁ። ከራስዎ ብሰማው እወዳለሁ።»

«ምኑን ትሰሚዋለሽ? ልጄን የበላት እሱ ነው! የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በኢንተርኔት ወጣ ተባለ። ሃላሌ ላይ አይከፍትም፣ ሶዶ ሄዳችሁ እዩ አሏቸው። ‹አባዬ፣ አይቼ ማታ እመለሳለሁ› አለችኝና ሞተር ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተደርባ ወረደች። እናቷ ዘነቡ ቆሎ ቋጥራላት ነበር። ሞተሩ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ማታ ሬሳዋ መጣ፤ ቆሎው እንደተቋጠረ ነው። ያ ኢንተርኔት የሚሉት ባይኖር አስካለች ዛሬ ልጅ ታቅፍልኝ ነበር። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ እላለሁ። ገዳይዋን ግን ጎኗ አላስተኛም!»

ለዚህ ምን መልስ ይገኛል? ያዘነን ሰው በክርክር መርታት ቀላል ነው፤ ግን ጥቅም የለውም። መስከረም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ ገዳይዋን ተሳስተው ይዘዋል ብልዎ ይቆጡኛል?» አለች።

«ተናገሪ። እስኪያባራ የት እሄዳለሁ?»

«እኔና አስካለች የአንድ ዓመት ተፈታኞች ነን። የእኛ ቤት ሶዶ ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ውጤት የወጣ ዕለት እናቴ ዳቦ ግዢ ብላ ልካኝ ነበር። በነጠላ ጫማ እንደወጣሁ ኢንተርኔት ቤት ጎራ አልኩ፣ ውጤቴን አየሁ፣ ዳቦዬን ይዤ ተመለስኩ። ዳቦው እንኳ አልበረደም። እኔንም እሷንም የጠራን ያው ኢንተርኔት ነው። እኔን ከደጄ ጠራኝ፤ እሷን ያን ሁሉ ቁልቁለት አስወረዳት። አስካለችን የገደላት ርቀቱ ነው፣ አባቴ።»

«አንቺማ ምን አለብሽ! ተርፈሽ ትመክሪኛለሽ!» አሉ አቶ ሻንቆ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

የልጅቱ ዓይን እንባ ሞላ። «አዎ፣ ተርፌያለሁ። ከእሷ በልጬ ግን አይደለም። ሶዶ ስለተወለድኩ ነው።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል። አቶ ሻንቆ በነገር እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩምና በሌላ በር መጡ።

«ስልክ አለን አይደል? ምን ጎደለብን?»

«ለመደወል እንኳ ጉብታ ላይ ወጥተን አይደል የምንጮኸው? ከኋላዎ ያለውን መስኮት ይመልከቱ። ኮምፒዩተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ኢንተርኔት ምን እንደሚመስል ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ነው የማስተምራቸው። ዋናን በደረቅ ሜዳ እንደማስተማር ነው።»

«የሶዶን ጎረምሶች አላይም ብለሽ ነው? አንገታቸውን ስልክ ላይ ደፍተው ውለው ያመሻሉ። ሽማግሌ ሲያልፍ ቀና አይሉም። ለልጆቻችን የምትመኚው ይህን ነው?»

«ይህስ እውነት ነው፣ አልዋሽዎትም። ቢላዋ እጅም ይቆርጣል። ሆኖም እጅ ይቆርጣል ብሎ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ በሬ ሳያርድ የሚቀር ሰው አላየሁም። መቆጣጠሩ የእኔና የወላጅ ፈንታ ነው።» ከዚያም ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብላ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየዓመቱ ውጤት በሚወጣበት ቀን ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር ይቆማሉ ይባላል። እውነት ነው?» አለች።

አቶ ሻንቆ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እውነት ነበር። በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ተማሪ የጫነውን ሞተር ሁሉ ያስቆሙና ነጂውን «በልጄ አፅም፣ ቀስ ብለህ ውረድ» እያሉ ይለምናሉ። ሰው ያየኛል ብለው ግን አስበው አያውቁም።

«እንዳይሞቱ ነዋ!» አሉ።

«ዘንድሮ የጎረቤትዎ የሰብስቤ ልጅ፣ ብሩክታይት፣ ትፈተናለች። በሞተር ስታልፍ ለእሷም ይለምኑላታል። የሚቀጥለው ዓመት ለሌላዋ። አባባ፣ ገመዱ ካለፈ ሞተሩ ይቀራል። ገመዱ ከቀረ ሞተሩ ያልፋል። ከሁለቱ አንዱ በአስካለች ጎን ማለፉ አይቀርም።»

ዝናቡ አባራ። ከረጢታቸውን ግን አላነሡም።

«አበባውስ?» አሉ ቆይተው። «ዘነቡ ናት የተከለችው። በየማለዳው ታጠጣዋለች።»

«አበባው ይነቀላል። ሌላ ቦታ ቢተከል ይፀድቃል ብዬ አልሸነግልዎትም።»

ብትሸነግላቸው ኖሮ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። እውነቱን ስለነገረቻቸው ነው መሰል ልባቸው ለዘበ። «ደህና ዋይ፣ ልጄ» ብለዋት ወረዱ። «ልጄ» ብለው ሲጠሯት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ በዱቡሻው ላይ አቶ ሻንቆ ሳይጠየቁ ተነሡ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ሐዘኔን አጥር አድርጌ በልጆቻችሁ ፊት አቁሜዋለሁ። እናንተም አክብራችሁኝ ዝም አላችሁ። ልጄን የወሰደብኝን መንገድ ለእናንተ ልጆች ክፍት ትቼ፣ የሚያስቀረውን ስዘጋ ኖርኩ። የሶዶ ልጅ በደጁ የሚያገኘውን የእኛ ልጅ በነፍሱ አይግዛው። ይለፍ!»

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሰብስቤ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አጥሩን ያነሡት፣ አበባውንም የነቀሉት ራሳቸው አቶ ሻንቆ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። ወይዘሮ ዘነቡ እንደ ቀብሩ ዕለት ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ ለብዙ ቀንም ባላቸውን አላናገሩም። አበባው ተመልሶ ተተከለ። አልፀደቀም።

መስመሩ ግን ሃላሌ ገባ። ኮምፒዩተሮቹ ጨርቃቸውን ጣሉ። ተማሪው ሶዶ ያለው እኩያው የሚያየውን ትምህርት እዚያው ሆኖ ያይ ጀመር፤ የጤና ጣቢያው ነርስ የበሽተኛን ቁስል ፎቶ ልኮ ከሐኪም ይማከራል፤ ነጋዴውም እህሉን ከመጫኑ በፊት የሶዶን ዋጋ ያውቃል። ከተሜ ሳያስበው በእጁ የሚያገኘው ነገር ለገጠሬ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ የሚሻ ሰው ቢኖር፣ የአስካለችን እናት ይጠይቅ።

ውጤት የሚወጣበት ቀን ደረሰ። አቶ ሻንቆ እንደ ልማዳቸው ጎህ ሳይቀድ በትራቸውን ይዘው መንገድ ዳር ቆሙ። ፀሐይ ወጣች። አንድም ተማሪ የጫነ ሞተር አልወረደም። ግራ ገብቷቸው ከመቃብሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ረፋዱ ላይ ከላይ፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል፣ ብሩክታይት እየጮኸች ስትሮጥ መጣች። «አባባ ሻንቆ! አለፍኩ! አለፍኩ!»

ሽማግሌው ዓይናቸው እግሯ ላይ ቀረ።

«በነጠላ ጫማ ነው የመጣሽው?» አሉ።

«ታዲያስ! እዚሁ አይደል እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«አዎ» አሉ አቶ ሻንቆ። በትራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በመቃብሩ አፈር ላይ አሳረፉ። «እዚሁ ነው፣ ልጄ። እዚሁ ነው» እያሉ አለቀሱ።