ስለ ናሚካዋ ጋራዥ ቃጠሎና ስለ ቀይዋ ነጥብ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሹንጂ ኩዋሃራ
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ የሞተር ብስክሌት ጥገና
አድራሻ፦ ጃፓን፣ ሺዙኦካ፣ ኪታሃራ መንደር
ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ የካቲት 10 ቀን በወ/ሮ ቶኩኤ ናሚካዋ ጋራዥ ስለተነሳው ቃጠሎ የማውቀውን፣ ማንም ሳይጠራኝ ቀርቤ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ወ/ሮ ቶኩኤ የ78 ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ዮሺሮ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያረፉት በወሩ 9ኛ ቀን ስለነበር፣ ወይዘሮዋ በየወሩ በዚያ ቀን ለባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሩዝና ሻይ ያቀርቡና፣ ጋራዥ ገብተው የሟቹን የ1974 ሞተር ብስክሌት አስነስተው ለአሥር ደቂቃ ድምፅዋን ያሰሟቸዋል።

ጥር 27 ቀን “ሹንጂ፣ ሰውዬህ አኩርፏል፣ አልነሳም ብሏል” ብለው ጠሩኝ። ሰውዬህ ያሉት ሞተር ብስክሌቷን ነው። ሳያት፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ላስቲክ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል፤ ከታንከሩ ሥር ያለው የቤንዚን መዝጊያም ያንጠባጥባል። ላስቲኩን በአዲስ ለወጥኩ። የዚያ ዓይነት መዝጊያ ግን ዛሬ ስለማይገኝ፣ ከሌላ አሮጌ ሞተር ብስክሌት የተፈታ ገጠምኩ። የቀድሞው መዝጊያ እጀታው ወደ ፊት ሲዞር ይዘጋ ነበር። እኔ የገጠምኩት ወደ ፊት ሲዞር ይከፈታል፣ ወደ ታች ሲዞር ይዘጋል። ይህንንም ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው “ሰማሁ እኮ፣ ደንቆሮ አደረግኸኝ!” ብለውኛል።

በታንከሩ ጠርዝ፣ በፊት በኩል፣ አቶ ዮሺሮ ሚስታቸው እንዳይሳሳቱ በቀለም ያደረጓት ቀይ ነጥብ ነበረች። እጀታው እሷ ጋ ሲደርስ ተዘግቷል ማለት ነበር። የቀለም ማስለቀቂያው በእጄ ነበር። የሟቹን ምልክት ማጥፋት አንጀቴ አልችል ብሎ ተውኳት።

የካቲት 9 ቀን የሞተር ብስክሌቷን ድምፅ ከቤቴ ሆኜ ሰማሁ፤ ሞኙ እኔ በሥራዬ ኮራሁ። በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ጭስ አይቼ ሮጥኩ። ወ/ሮ ቶኩኤ ጋራዡ ውስጥ ልብስ ሊያደርቁ የነጭ ጋዝ ምድጃ ሲለኩሱ፣ ሌሊቱን ከካርቡሬተሩ ሞልቶ የፈሰሰው ቤንዚን ተያይዟል። ጎትቼ አወጣኋቸው፤ ሁለት እጃቸው ግን ተቃጥሎ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ እጀታውን አየሁ። ወደ ፊት፣ ልክ በነጥቧ ትይዩ ቆሟል።

ልጃቸው ማሳኖሪ እናቴ መርሳት ጀምራለች ብሎ ቤቱን ሊሸጥ፣ እሳቸውንም ከተማ ወዳለ የአረጋውያን ማቆያ ሊያስገባ ተነስቷል። የሆነውን ብነግረው “ጋሼ ሹንጂ፣ ይህን የሚሉት ለእሷ አዝነው ነው። ራሷ ረሳሁ ብላለች” አለኝ።

ሆስፒታል ሄጄ ለወ/ሮ ቶኩኤም ነገርኳቸው። በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቻቸውን አየት አደረጉና “ታዲያ ዮሺሮ ነው ያቃጠለኝ ልበል? አልልም። ረስቼ ነው። አንተም አርፈህ ተቀመጥ” አሉኝ። እትዬ፣ ቤትዎ ሊሸጥ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በላይ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

ስለዚህ ይጻፍልኝ፦ ወ/ሮ ቶኩኤ አልረሱም። ባላቸው እንዳስተማሯቸው ዘግተዋል። ነጥቧን የተውኳት እኔ ነኝ። ይህ ቃል የቤቱን ሽያጭ ያስቀር እንደሆነ መርማሪውን ጠይቄ፣ ጉዳዩ የፖሊስ አለመሆኑ ተነግሮኛል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፣ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለም። ይህን መናገሬን ለወ/ሮ ቶኩኤ እንዳትነግሩብኝ ብቻ እለምናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ሹንጂ ኩዋሃራ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሂሮአኪ ታኔዳ