በጠርሙሱ ላይ ያለው ምስክር

ጠዋቱ እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። አልጋዬን አነጠፍኩ፤ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አቧራ ወለወልኩ፤ በሩን ቆልፌ ወደ ሥራዬ ወጣሁ። የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መንገዴ በመድኃኒት ቀማሚው ሱቅ በኩል ስለሆነ ጎራ አልኩ።

ዘመኑ ማንም የቀመመውን በጠርሙስ ሞልቶ፣ የፈለገውን ጽፎበት የሚሸጥበት ዘመን ነበር። የሰፈራችን ቀማሚ ግን አታላይ አልነበሩም። ቅጠሉን ራሳቸው ይለቅማሉ፤ ራሳቸው ይወቅጣሉ፤ ለቸገረው በነጻ ይሰጣሉ። ችግሩ በመድኃኒታቸው ከልባቸው ማመናቸው ነበር።

«የተለመደውን ነው?» አሉና አንድ ጠርሙስ አወረዱልኝ። ያስልሻል ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባንኮኒው አጠገብ የለሳኙ ሚስት ቆማለች። ባሏ የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ የለሰነ ሰው ነው። እሷም አንድ ጠርሙስ ይዛ ታገላብጣለች።

«እትዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ለምን ለምን እንደሚሆን ያንብቡልኝ» አለችኝ። «ሰውዬውን ሳል ይዞት ከረመ። ሰሞኑን ደግሞ መሐረቡ ላይ ደም አየሁ።»

አነበብኩላት። ለሳል፣ ለጨጓራ፣ ለቁርጥማት፣ ለእንቅልፍ እጦት፣ ለደም ማነስ፣ ለፀጉር መሳሳት።

«ፀጉሩ ይቅርበት፤ መላጣው ያምርበታል» አለች።

ከዝርዝሩ ሥር በደቃቅ ፊደል የታተመ ምስክርነት አለ። እሱንም አነበብኩላት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለኝ የከረምኩ ሰው ነኝ። ሦስት ጠርሙስ ጠጥቼ ድኛለሁ። የሒሳብ መምህር።»

«እኚህ መምህር የት ነው የሚገኙት? ሄጄ ልጠይቃቸው ነበር።»

ቀማሚው ሚዛናቸውን መወልወል ጀመሩ። የመድኃኒት ቅመማ ትምህርቷን ጨርሳ በዚያው ሰሞን የተመለሰችው ልጃቸው ከጓዳ ብቅ ብላ እኔን አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች።

«ሞቷል» አልኩ። «ባለቤቴ ነበር።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም። ወይ እሱን ይዛ ወደ ቤቷ፣ ወይ ባሏን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ነበር መሄጃዋ።

«አባባ፣ ይኼን ጽሑፍ ለምን አያነሱትም?» አለች ልጅቱ በለሰለሰ ድምፅ።

«ለምን አነሳዋለሁ? ውሸት ነው? ሲጽፍልኝ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዴም አላሳለውም።»

«አላሳላቸውም፤ ግን አልዳኑም። የእርስዎ ቅጠል ሳሉን ያስተኛል እንጂ ሳንባ ውስጥ ያለውን አይነካውም። ሌባ ሲገባ የሚጮኸውን ውሻ እንደ ማስተኛት ነው።»

«እስቲ ውሻው ሲጮህበት ያደረውን ሰውዬ ጠይቂው። እንቅልፍ ቀላል ነገር መሰለሽ? ወይስ ዩኒቨርሲቲ እንቅልፍ የሚባል ትምህርት የለም?»

«አለ፤ በተለይ ከምሳ በኋላ» አለች እየሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ዋጠችው። «እንቅልፉን ይስጡት፣ አባባ። ግን ‹ተኛ› ይበሉት እንጂ ‹ዳንክ› አይበሉት።»

«አባቴም አያቴም በዚሁ ኖረዋል። አንቺንም ያስተማረሽ ይኸው ጠርሙስ ነው። አሁን መጥተሽ አባትሽን ሰው ገደለ ልትዪው ነው?»

«እንዲህ አይወጣኝም። ለጉንፋን ሳል ደግ ነገር መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እሱን ጠጥቼ ነው ያደግኩት። አንድ ጠርሙስ ግን ለጨጓራውም ለመላጣውም ይሆናል ሲባል፣ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄድበት ምክንያት ያጣል።»

ሳዳምጣቸው አንድ ነገር ታዘብኩ። አባትየው የሚሟገቱት ለገበያቸው አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ስረዳ ኖርኩ ብለው ያመኑ ሰው ናቸው፤ ይህን መንጠቅ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ሰው ስድብ ሳይሆን ምክንያት የሚገባው።

ወደ እኔ ዞሩ። «ፍረጂን እንግዲህ፣ ልጄ። ባልሽን ጎዳሁት?»

«የሰጡት እንቅልፍ ነው፣ ጋሼ፤ ውለታዎን አልረሳም። ግን ሳሉ ተወት ሲያደርገው ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው፣ ‹ከምኑ ልታከም? ድኛለሁ ብዬ ፈርሜ የለ?› ይለኝ ነበር። ሐኪሙ በኋላ ሲያየው፣ ‹ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ› አለ።»



ቀማሚው ሚዛኑን የወለወሉበትን ጨርቅ አጣጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ ጠርሙሱን ከሴትዮዋ እጅ ሥር ቀስ አድርገው ሳቡት።

«ይኼን አልሸጥልሽም።»

«ምነው ጋሼ፣ ገንዘብ ይዣለሁ እኮ።»

«ለመኪና አድርጊው። ደም ከታየ የእኔ ሥራ አይደለም። ልጄ ሐኪም ቤት ድረስ አብራችሁ ትሂድ። ባልሽ እንቢ ካለ፣ ቀማሚው ራሱ ነው የላከኝ በይው። እኔን አይጠረጥርም።»

ሁለቱ ሴቶች ሲወጡ እኔም ልከተል ስል አስቆሙኝ። «የመምህሩ ቃል ያንቺ ነው። ይቅር ወይስ ይቆይ? አንቺ እዘዢኝ።»

«ያንሱት» አልኩ። በእጄ የነበረውን ጠርሙስ መልሼላቸው ወጣሁ።

ለሳኙ የሳንባ ሕመም ተገኝቶበት ረዥም ሕክምና ወሰደ። ሲድን በመጀመሪያ የለሰነው የቀማሚውን ሱቅ ግድግዳ ነው፤ ዋጋ ቢሉት ተቆጣ። በአዲሱ ጠርሙስ ላይ ምን ምን እንደገባበት ተጻፈ፤ ከሥሩም «ለጉንፋን ሳል ብቻ። ሳሉ ከሰነበተ ወይም ደም ከታየ ሐኪም ቤት ይሂዱ» ተባለ። መጀመሪያ ገዢው ሸሸ። እያደር ግን ሰው አንድ ነገር አስተዋለ፤ «ይኼ አይሆንህም» የሚል ሻጭ፣ «ይሆንሃል» ሲል ይታመናል። ልጅቱ በሱቁ ግማሽ ክፍል መድኃኒት ቤት ከፈተች። ብዙ ሕመምተኛ ጊዜ ሳያልፍበት ሐኪም ዘንድ ደረሰ፤ ቀላል ሳል የያዘውን ደግሞ ሐኪሞቹ ራሳቸው ወደ ቀማሚው ይልኩ ጀመር። እውቀትና ልማድ ተከባብረው አንድ ባንኮኒ ላይ መሥራት እንደሚችሉ እዚያ አየሁ።

በመስኮቴ ደፍ ላይ ከአሮጌዎቹ ጎን አንድ አዲስ ጠርሙስ አለ። የተጻፈበት ሁሉ ትክክል ነው፤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሒሳብ መምህሩ የለበትም።