የማኅበራችን ስጦታ ለማን ይሁን?

ኬዝያ ቶሊቨርን ቀብረን ተመልሰን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ለምሳ ተሰልፈናል። ሳላስበው በአያቷ በዲያቆን ሉሺየስ ቶሊቨርና በሬኒታ ቦይኪን መካከል ገባሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሰልፍ አልወድም፤ ጭቅጭቅ ደግሞ ከሰልፍ ይብስብኛል። ግን ከፊቴ እሳቸው፣ ከኋላዬ እሷ፤ ወዴት ልሂድ?

ኬዝያ የሞተችው በወለደች ሳምንት ሳይሞላት ነው። ራሴን አለች፣ እግሯ አበጠ፤ ሆስፒታል ሄደች፣ «የወላድ ድካም ነው፣ ግቢና ተኚ» ብለው መለሷት። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ውስጥ በኛ በጥቁሮቹ ሰፈር ይህን ታሪክ የማያውቅ ቤት የለም፤ የሚለያየው የሟቿ ስም ብቻ ነው።

«ዲያቆን» አለች ሬኒታ ከትከሻዬ በላይ፣ «ነገ ማኅበሩ ስለ ዓመቱ ስጦታ ይነጋገራል አሉ። ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ዝም በያ!»

«ዝም ብል ደስ ባለኝ። ግን ማርቬላ በዚህ ወር ትወልዳለች።»

ማርቬላ የኬዝያ እህት ናት። ጥግ ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ የቀረበላትን ዶሮ አልነካችውም። ዲያቆኑ አዩዋትና ወደ ሬኒታ ዞሩ። እኔም ሁለቱንም ይዤ ከፒያኖው ጀርባ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰድኳቸው። ሰው ፊት እንዳይዋረዱ ብዬ ነው እንጂ ሽማግሌ ለመሆን አምሮኝ አይደለም።

ሬኒታ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰች ልጃችን ናት። የጥንቱን የልብስ ንጽሕና ቤት አድሳ የእናቶች ቤት አቋቁማበታለች። የቀጠረቻቸው ሴቶች ወላዶችን በየቤታቸው ይጠይቃሉ፣ የደም ግፊት ይለካሉ፣ ሐኪም ዘንድ ይዘው ይሄዳሉ። ዲያቆኑ ደግሞ የወንዶች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ዓሣ ጠብሰን ሸጠን፣ መዋጮ አዋጥተን ያጠራቀምነውን በየዓመቱ መሃል ከተማ ላለው ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንሰጣለን። እነሱም እራት ይጋብዙናል፣ ፎቶ ያነሱናል።

«ባለፈው ዓመት መጥተሽ ጠይቀሻል» አሉ ዲያቆኑ። «የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ አምጪ አልንሽ። አመጣሽ?»

«ቤቱ ራሱ ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር።»

«እንግዲያስ!»

«እሺ ዲያቆን፣ የመሃል ከተማዎቹን ሒሳብ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ?»

ዲያቆኑ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን ምን ያዩኛል?» አልኩ። «ጠይቀን አናውቅም። እራት በልተን ነው የምንመለሰው፤ እሱም ጨው የለውም።»

«እነሱ የታወቁ ናቸው! ትልቅ ናቸው!»

«ትልቅ የሆኑት በየዓመቱ የሚሰጣቸው ስላለ ነዋ» አለች ሬኒታ። «እኛ ሒሳብ መርማሪ የምንቀጥርበት የለንም። ሒሳባችን ስላልተመረመረ አይሰጠንም፤ ስለማይሰጠን አይመረመርም። ከየት እንጀምር? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ዲያቆኑ ድምፃቸው ሰለለ። «አንቺ ልጅ፣ የማታውቂው ነገር አለ። ክላይቦርን የሚባል ገንዘብ ያዥ ነበረን፤ የገዛ ወንድማችን። ለቀብር ያጠራቀምነውን የማኅበሩን ገንዘብ ሁሉ ይዞ ቺካጎ ገባ። እናቴን በልመና በተገኘ ሣጥን ነው የቀበርኳት። ገባሽ? በልመና!»

ይህን ቁስል አውቀዋለሁ፤ አባቴም ሲያነሳው ፊቱ ይጠቁር ነበር። ግን አንድ ነገር ያበግነኛል። ሌላው ሲሰርቅ «እገሌ ሰረቀ» እንላለን፤ የኛው ሲሰርቅ «እኛ እኮ እንዲህ ነን» እንላለን። በአንድ ክላይቦርን የተነሳ ስንት ልጆቻችንን እንደ ሌባ ፈትሸን መለስን! ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ክላይቦርን ሲጠፋ እኔ አልተወለድኩም» አለች ሬኒታ በቀስታ።

«ቢሆንም የምትጠይቂው ለደሞዝ ነው! ለሕፃናት ልብስ ብትይ እሺ፣ ለዳይፐር ብትይ እሺ። ደሞዝ ምን የሚሉት ምጽዋት ነው?»

«ልብሱማ መጋዘን ሞልቶናል ዲያቆን። የጠፋው ሰው ነው። ልብስ ግፊት አይለካ!»

ያን ጊዜ ዲያቆኑ ጠረጴዛውን መቱት። «ታዲያ የት ነበራችሁ? ኬዝያ ራሴን ስትል የት ነበርሽ? ቤትሽ እዚሁ አፍንጫዋ ስር አይደለም ወይ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ሬኒታ እንባዋን አልጠረገችም።

«የዚህን ሰፈር ወላዶች የምታየው ሚስ ኦፋ ነበረች። መክፈል አቅቶን አሰናበትናት። ያን ቀን እኔ ሌላ ሰፈር ሌላ ወላድ ጋ ነበርኩ። ኬዝያ ደውላለች፤ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ስደርስ አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም ዲያቆን። ማርቬላ ስትደውል የሚያነሳ ሰው ይኑር ነው የምለው።»

ዲያቆኑ ማርቬላ ወደተቀመጠችበት ጥግ ዞር ብለው አዩ። በኋላ «ብትደርሱስ ምን ታደርጉ ነበር? ሐኪም አይደላችሁ» አሉ፤ ቁጣቸው ግን ጠፍቷል።

«ራስ ምታቱና የእግር እብጠቱ የግፊት ምልክት ነው፤ ግፊቷን እንለካለን። ከፍ ካለ ይዘናት እንሄዳለን። ግቢና ተኚ ቢሏት አንሄድም እንላለን። ሐኪም መጥቶ እስኪያያት ከዚያ ንቅንቅ አንልም።»

«እኔም እኮ አብሬያት ነበርኩ» አሉ ዲያቆኑ። «ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ። ውሰዳት ሲሉኝ ‹አመሰግናለሁ› አልኳቸው። አመስግኜ ነው ይዣት የወጣሁት መምህር!»

እኛ እንደዚያ ነው ያደግነው። መሃል ከተማ ሲደርሱ ማመስገን፣ ሰፈር ሲመለሱ የራስን ሰው በጥርጣሬ መመርመር። ትሕትና እንለዋለን። የልጅ ልጃቸውን ግን በላት።

በማግስቱ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ዲያቆኑ ቆሙ። «የዘንድሮው ስጦታ ለሬኒታ ቤት ይሁን» ሲሉ ጉርምርምታ ሆነ። አንዱ ወንድም «ቢበሉትስ?» አለ።

«እኔም ትናንት እንዳንተ ነበርኩ» አሉ። «ሰምታችሁ ፍረዱ። የኛን በር የሚያውቅ የኛው ሰው ነው፤ ሴት ልጃችን ራሴን ስትል ‹ታካብዳለች› የማይላት እሱ ነው። ሚስ ኦፋ የምትቀበለው ደሞዝ እዚሁ ሰፈር ኪራይ ይሆናል፣ እዚሁ ሱቅ ይገባል። ሒሳብ እንጠይቅ፤ ግን ከሌላው የማንጠይቀውን አንጠይቅ። መመርመሪያ ከሌላቸው ከመካከላችን ሒሳብ የሚያውቅ ሄዶ ይርዳቸው። ደግሞም አንድ ዓመት ሰጥተን አንጥፋ። በየዓመቱ ካልሰጠን ሴትዮዋን ቀጥረው ዞረው ያባርሯታል። ለነዚያኞቹ ስንት ዘመን ሰጠን፤ ለራሳችን ልጅ አንድ ጊዜ ሰጥተን ውጤት አምጪ እንበላት? ነውር ነው!»

እጅ ወጣ። ጥቂቶች አኩርፈው ወጡ፤ የቀረነው ግን ወሰንን። ሚስ ኦፋም በሚቀጥለው ሳምንት ሥራዋ ተመለሰች።

ማርቬላ በሰላም ወለደች። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ጠዋት ዓይኔን ብዥ አለኝ ብላ ደወለች። ሚስ ኦፋ እንደ ቆመች ሄዳ ግፊቷን ለካችና ከዲያቆኑ ጋር ሆስፒታል አደረሰቻት። እኔም ሰምቼ ደረስኩ። ነርሷ ገና «እረፍት ያስፈልጋታል» ማለት ስትጀምር ሚስ ኦፋ «የኔ እመቤት፣ ሐኪሙን ጥሪው። እስኪመጣ እዚሁ ነን» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ሐኪሙ መጣ፤ ቁጥሩን አይቶ ወዲያው አስገባት። መድኃኒት ሰጧት፤ ግፊቷ ወረደ።

ማርቬላ እንቅልፍ ሲወስዳት ዲያቆኑ ኮሪደር ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም፤ በኬዝያ ቀብር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት።

«መምህር» አሉኝ፣ «ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ?»

ያን ጊዜ ለኬዝያ አለቀሱ።