ተዝካሩ የወጣለት ባል

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወጣው የጣልያን ካሚዮን ላይ፣ ከኋላ ከእህሉ ጆንያ ጋር የነበርነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዲት መነኩሴ፣ አንዲት ጠጅ ሻጭና እኔ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን የሴትዮዋን የማር ገንቦ በእግሬ ደግፌላታለሁ።

"እማሆይ፣ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ኃጢአት ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ?"

"ባሌ ዱር ገብቶ ጣልያንን ሲዋጋ ሞተ ብለው አረዱኝ። ያለንን አንድ በሬ አርጄ፣ ጠጅ ጥዬ በአርባው ተዝካሩን አወጣሁ። ያለ በሬ አይታረስ፤ የተረፈውን ጠጅ ሸጥሁ። እንዲያ እንዲያ እያልሁ ማርቆስ ላይ ጠጅ ቤት ከፈትሁ።"

"ሠርቶ ማደር ምን ነውር አለው?"

"ባለፈው እሑድ ቤቱ በባንዳ ሞልቶ ሳለ፣ ባሌ ራሱ ገባ።"

"በስመ አብ!"

"የባንዳው አለቃ 'ይህ ማነው?' አለኝ። 'ማር የሚያመጣልኝ ባላገር ነው' አልሁት። 'ባልሽስ?' ሲለኝ፣ 'ሞቷል፤ ተዝካሩንም አውጥቻለሁ' አልሁ፣ እሱ እየሰማ።"

"እሱስ?"

"ብርሌውን አነሳና 'ነፍስ ይማር' አለ።"

"በራሱ ነፍስ! ወይኔ ልጄ! አሁን የት ነው?"

"ዱር። ይህንን ማር ዛሬ ጠዋት ከእጁ ተቀበልሁ። 'እውነት የሞትሁ ዕለት እንዳታለቅሺ፤ ይነቃብሻል' አለኝ።"

እኔም እግሬን ከገንቦው አንስቼ፣ በሁለት እጄ አቀፍሁት።