ከተዘጋው በር የወጡት ጀልባ ሠሪ፦ የአቶ ሄድሊ ትሬጌንዛ ሕይወት

ዛሬ ባሕሩን ቁልቁል በምታየው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን የምንሸኛቸው አቶ ሄድሊ ትሬጌንዛ፣ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ጆሪ ትሬጌንዛ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊልሞት ኬሊናክ፣ በኮርንዎል ጠረፍ በፖርትኬርን መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ማዕበሉ አንድም ዓሣ አጥማጅ ከወደብ አላስወጣ ባለበት ብርዳማ ወር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም እዚሁ ከኮረብታው ሥር ባለው የመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ የሒሳብ ደብተራቸው ከቁጥር ይልቅ በሸራና በምሰሶ ሥዕል የተሞላ ስለነበር፣ መምህራቸው ደጋግመው ወደ አባታቸው ቢልኳቸውም፣ አባታቸው ሥዕሉን አይተው የምሰሶውን ዝንባሌ ብቻ አርመው ይመልሷቸው እንደነበር የዕድሜ እኩዮቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል።

ትምህርታቸውን በአሥራ አምስት ዓመታቸው አቁመው ከአባታቸው ጎን በመሰለፍ የባሉጥ ግንድ መሰንጠቅን፣ ሳንቃን በእንፋሎት አለስልሶ ማጉበጥን፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ቃጫ ጠቅጥቆ በዝፍት መድፈንን ተማሩ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የፕላስቲክ ጀልባ ዘመን ሆኖ የእንጨት ጀልባ የሚያሠራ ሰው እየጠፋ በመሄዱ፣ በሃያ ዓመታቸው የባሕር ኃይል ለመግባት ቆረጡ። አባታቸው ይህን ሲሰሙ መላጊያቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ፣ «ሂድ! ብረት መቼ ተንሳፍፎ እንደሚያውቅ ግን ስትመለስ ትነግረኛለህ» አሏቸው። ከዚያም በመርከብ ሞተር መካኒክነት ሠልጥነው፣ በብዙ ባሕሮች ላይ በታማኝነት አገልግለው፣ እስከ ሻለቃ ባሻነት ማዕረግ ደረሱ።

እ.ኤ.አ. በ1976 የመረብ ጠጋኙን የአቶ ፔንደርን ልጅ ወይዘሮ ሎቭዴይን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን በሥርዓት አግብተው፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ ከሬንሳን አፈሩ።

እ.ኤ.አ. በ1982 አገራችን በፎክላንድ ደሴቶች ምክንያት ጦርነት ስትገባ፣ መርከባቸው ወደ ደቡብ አትላንቲክ ዘመተች፤ በዚያም በአውሮፕላን ቦምብ ተመታች። አቶ ሄድሊ በዚያች ሰዓት ከሁለት ወጣት ባልደረቦቻቸው፣ ከኮሊን ፌርሊና ከባሪ ኖክስ ጋር ከሞተሩ በታች ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እሳቱ ወደ ጥይት መጋዘኑ ደርሶ መርከቢቱን ከነሰዉ እንዳያጋያት የክፍሏ የብረት በር በትእዛዝ ከውጭ ተቆለፈ። ሦስቱም ባገኙት መፍቻ በሩን ደበደቡት፤ የከፈተላቸው ግን አልነበረም። ጢሱ ሲበረታ ኮሊን፣ «ቀጭኑ አንተ ነህ፤ ውጣና ከላይ ጎትተን» ብሎ በትከሻው ተሸክሞ ወደ አየር መተላለፊያው ቀዳዳ አነሳቸው። ወጡም። ተመልሰው እጃቸውን ወደ ታች ሲሰዱ የጨበጡት ጢስ ብቻ ሆነ፤ ከሥር የሚሰማው ማንኳኳት ግን ገና አላቆመም ነበር።

ከጦርነቱ ሜዳይ ተሸልመው ቢመለሱም፣ የተመለሱት ብቻቸውን አልነበረም። በመጡ በሳምንታቸው የቤታቸውን በሮች በሙሉ ከማጠፊያቸው ነቅለው ከጓሮ ስለደረደሯቸው፣ ወይዘሮ ሎቭዴይ ለብዙ ብርዳማ ወራት ካፖርት ለብሰው ወጥ ቤት ይሠሩ፣ ሕፃን ከሬንሳም ኮፍያዋን ሳታወልቅ ትተኛ ነበር። አባታቸው ካረፉ በኋላ የወረሱትን የጀልባ መሥሪያ ሲከፍቱም፣ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ በውስጡ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ «ባሪ፣ ጫፉን ያዝልኝ፤ ኮሊን፣ መጋዙን አቀብለኝ እስቲ» ሲሉ ይሰማቸው ነበር። መጋዙ እስኪደርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ቆይተው ራሳቸው ተነሥተው ያመጡታል። በሩን የዘጋውን ሰው ስሙንም መልኩንም ባያውቁትም ለሃያ ዓመታት ጠሉት፤ የወጡት በወዳጃቸው ትከሻ ላይ ቆመው መሆኑ ከጥላቻው በታች ሌላ እሳት ሆኖ ሲያቃጥላቸው መኖሩን የሚያውቁት ግን ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ።

እኚህ ብርቱ ሴት ናቸው አንድ ቀን ወደ መሥሪያው ገብተው፣ «ከሙታኑ ጋር ማውራትህን ተው አልልህም፤ አንድ በሕይወት ያለ ሰው ግን ጨምርበት» ያሏቸው። ብለውም አልቀሩ፤ ከጦር ሠራዊት ተሰናብቶ ሥራ አጥቶ በመኪናው ውስጥ የሚያድር አንድ የቀድሞ ወታደር ይዘው መጡ። አቶ ሄድሊም የት እንደዘመተ፣ ምን እንዳየ ሳይጠይቁት መላጊያ አስጨበጡት። በወንዙ አፍ ጭቃ ውስጥ ተጥላ የነበረችውን፣ አያታቸው እ.ኤ.አ. በ1911 የሠሯትን «ሞርዌና» የተባለች ባለ ሁለት ምሰሶ የዓሣ ጀልባ ጎትተው አወጧት፤ ከአንዱ ሌላው እየሰማ ከየጦር ሜዳው የተመለሱ ወንዶችና ሴቶች እየመጡ፣ የበሰበሰውን እየፈቱ፣ ደኅናውን እያስቀሩ፣ በስተመጨረሻ ቡናማ ሸራዋን ዘርግታ ከወደብ ስትወጣ መንደሩ ሁሉ ግንቡ ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ ወዲያ በእኚህ ሰው እጅ ታድሰው ባሕር የወረዱትን ጀልባዎች ከዚህ በታች ወደቡ ላይ ቆመው ስለምታዩአቸው መዘርዘር አያስፈልግም። በጀልባዎቹ ላይ ሸራ እየሳቡ፣ መሪ እየያዙ፣ እንቅልፍን እንደገና የተማሩት ሰዎች ደግሞ ዛሬ በእነዚህ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል።

ቀጥሎ የሚነበበው፣ ባለጉዳዩ አቶ ክላይቭ ኦተሪ ራሳቸው እንዲነበብ የጠየቁት ነው።

አቶ ክላይቭ ከፕሊመዝ የመጡ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ሲሆኑ፣ ቀልዳቸው የማያልቅና ለሥራ የማይለግሙ ሰው ስለነበሩ ሁሉም ወደዷቸው። አንዲት ነገር ብቻ እምቢ ይሉ ነበር፤ ይኸውም የበሰበሰውን ሳንቃ በድምፁ ለመለየት ጀልባውን በመዶሻ እያንኳኩ መሄድን ነው። አንድ ቀን ከባስራ ጦር ሜዳ የተመለሱት ነርስ ወይዘሮ ጄማ ስፓርጎ፣ «ምነው ክላይቭ፣ መዶሻው ይነክስሃል እንዴ?» ብለው ቢተርቧቸው፣ አቶ ክላይቭ እንደ ልማዳቸው በቀልድ ሳይመልሱ፣ «ማንኳኳት አልወድም። በር ዘግቼ አውቃለሁ። ውስጥ ሰዎች ነበሩ» አሉ፤ የመርከቢቱንም ስም ጠሩ።

አቶ ሄድሊ በእጃቸው የነበረውን መዶሻ ቀስ አድርገው አስቀምጠው ወጡ። ለቀናትም ወደ መሥሪያው አልተመለሱም። «መዶሻውን ያስቀመጥኩት ስለከበደኝ አይደለም፤ ስለቀለለኝ ነው፤ እጄ እንዳይሰነዝርበት ፈራሁ» ሲሉ ለባለቤታቸው የተናገሩት በዚያን ሰሞን ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት አቶ ክላይቭን፣ «ና፣ ሞርዌናን ይዘን ወጣ እንበል፤ ሁለታችን ብቻ» አሏቸው። ንፋሱ ብርቱ፣ ባሕሩም ነጭ በነጭ ነበር። ወይዘሮ ሎቭዴይ ከግንቡ ጫፍ ቆመው ሸራው ከዓይናቸው እስኪጠፋ አዩ፤ ከሁለቱ የሚመለሰው አንድ ብቻ ይሆናል ብለው ስለፈሩም፣ ዝናቡ ሲመጣ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

ጀልባዋ ወደ ባሕሩ የገባውን የመሬት ጫፍ አልፋ ስትወጣ አቶ ሄድሊ መሪውን እንደያዙ፣ «ሦስት ነበርን» አሉ። «ኮሊን፣ ባሪና እኔ። ከውስጥ ሆኜ በሩን ስደበድብ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ክላይቭ የሸራውን ገመድ ከእጃቸው ለቀቁት። ሁሉም እዚያው የሞቱ ይመስላቸው ነበርና አንድ ሰው መትረፉን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። የጠየቁትም አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ «ቆየ እንዴ? ማንኳኳቱ?»

አቶ ሄድሊ ሊዋሹላቸው ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። «ቆየ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ክላይቭ። «ሰምቼዋለሁ። ዘግቼ አልሄድኩም እኮ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር፤ ጎትተው እስኪወስዱኝ ድረስ።» ሁለት መዳፎቻቸውንም ዘረጉ። የጋለው ብረት ያቃጠለው ቆዳ እንደ አሮጌ ዝፍት ተጨማዶ ጠቁሮ ነበር። እነዚያን እጆች አቶ ሄድሊ ብዙ ጊዜ ቃጫ ሲጠቀጥቁ አይተዋቸው ቢያውቁም፣ ጠባሳው ከምን እንደመጣ ግን አንድም ቀን ጠይቀው አያውቁም ነበር። በሩን እየደበደቡ ሳለ በዚያኛው ወገን ማንም የለም ብለው ያን ሁሉ ዘመን የኖሩት ሰው፣ ሰው እንደነበረ ያወቁት በዚያች ቀን ነው። ሸራው ያለ ገዢ ሲንፋፋ፣ ጀልባዋም ወደ ድንጋዮቹ ስታዘነብል፣ «ገመዱን ሳበው እንጂ፣ ሁለታችንንም ልትገድለን ነው እንዴ!» ብለው ጮኹ፤ አቶ ክላይቭም እያለቀሱ ሳቡት። ወይዘሮ ሎቭዴይ የተመለሰችውን ጀልባ አይተው በውስጧ ሁለት ራስ በቆጠሩ ጊዜ ያሉትን ግን፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆንን አናነበውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አቶ ሄድሊ ፈጽመው ተፈወሱ ብንል እርሳቸውን ራሳቸውን እንዋሻቸዋለን። ኮሊንና ባሪ ከመሥሪያው አልወጡም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ በየማለዳው ይነጋገሯቸው ነበር። ለውጡ፣ አቶ ክላይቭም አብረው መነጋገር መጀመራቸው ብቻ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው በመካከላቸው ለሌለ ሰው ስለ አየሩ ሁኔታ ሲያወሩ የሰማ አዲስ መጤ ይደነግጥ ነበር፤ የቆየው ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ እያንዳንዱ የሚያወራለት የራሱ ሰው ነበረውና።

በዚያን ዘመን የዋጡት ጢስ በሳንባቸው ላይ ጥሎት የሄደው ሕመም ከሦስት ዓመት ወዲህ ጠንቶባቸው፣ በሐኪሞችና በወይዘሮ ጄማ ሲረዱ ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ሳለ፣ «እኔን ከብባችሁ ምን ትሠራላችሁ? ውጡ፣ ለእራት የማካሬል ዓሣ አምጡ» ብለው ሁሉንም ወደ ሞርዌና ሰደዷቸው። መርከበኞቹ ዓሣውን በቅርጫት ሞልተው፣ ማን ብዙ እንደያዘ እየተከራከሩና እየሳቁ ወደ ወደቡ ሲገቡ፣ ወይዘሮ ሎቭዴይ ብቻቸውን በደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ሸራውን ማንም ሳያዝዝ አወረዱት።

አቶ ሄድሊ ትሬጌንዛ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ሲያርፉ፣ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሎቭዴይን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ከሬንሳን፣ የልጅ ልጃቸውን ጃጎን፣ እጃቸው ያነሣቸውን ብዙ ወዳጆቻቸውን፣ እንዲሁም በቤተሰቡ ፈቃድ በዚህ ስፍራ «ወንድማቸው» ብለን የምንጠራቸውን አቶ ክላይቭ ኦተሪን ትተው ሄደዋል።

ባሕርን በቃሉ የሚገዛ አምላክ የወንድማችንን ነፍስ ማዕበል ከማይደርስበት ጸጥታ ያሳርፍልን፤ ከኮሊንና ከባሪ ጋር በብርሃን ያገናኛቸው፤ እኛንም ከነሐዘናችን ይቀበለን። አሜን።