የአርባ ቀን ዕድል

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አሮጊት ምሳ ዕቃ በነጠላቸው ጠቅልለው ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለው ጎልማሳ አያውቃቸውም።

«ማንን ሊጠይቁ ነው፣ እማማ?»

«ልጄን። ማረሚያ ቤት ነው፤ ሰው ገድሎ።»

«እግዜር ያስፈታልዎ።»

«የገደለው የአባቱን ገዳይ ልጅ ነው። ምን ያድርግ፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው።»

«አባቱ ሲገደል ትልቅ ነበር?»

«ገና በሆዴ ነበር።»

«አባቱን ሳያውቀው ታዲያ ቂሙን ማን አስተማረው?»

«ማንም! ከላይ የተጻፈበት ነው አልኩህ እኮ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«ደምመላሽ።»

ሰውየው ወደ አሮጊቷ ዞር አለ።

«ማን አወጣለት?»

«ቄሱማ በክርስትናው ወልደ ማርያም ነበር ያሉት። ደምመላሽ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሌላ ስም ጠፍቶ ነው፣ እማማ?»

«ያን ቀን አገሩ ሁሉ አፌን ነበር የሚያየው። እኔስ ምን ምርጫ ነበረኝ?»

«ልጅዎ የገደለው ሰውስ፣ ሚስት ነበረችው?»

«ነበረችው። ስትቀብረው ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሁን ወንድ ተገላገለች አሉ።»

«ስሙን ማን አለችው?»

«ገና ነው» አሉ፣ ምሳ ዕቃውን ጠበቅ አድርገው። «ክርስትናው ለሳምንት ነው።»

ደባርቅ መነኸሪያ እስክንገባ ድረስ እናቴ ያወጣችልኝን ስም በልቤ ደጋግሜ ጠራሁት።